ሃያ ሁለት ነጥብ ስምንት

የሰው አጥንት አላይም፤ ሐኪም አይደለሁም፣
ደረትህን ግለጥ፣ ትንፋሽህን ያዝ አልልም።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሪጋ፣ በዚህ ምድር ቤት፣
ራጅ የማበራው ለነጭ ዱቄት፣
ባሪየም፣ ቲታኒየም፣ ኦክስጅን ላሉበት።

ሲሞቅ ጣጣ የለውም።
ከመቶ ሃያ በላይ ጎኖቹ እኩል ናቸው፣
ቁመቱም ወርዱም ኩብ፣ አንድ ነው ልካቸው፤
ስድስት ኦክስጅን ከቦት፣ ቲታኒየም መሃል፣
ለሁሉም እኩል ነው፣ ሁሉንም ያያል።

በረድ ሲለው ግን ያ የመሃል አቶም
ወዳንዱ ያደላል፤ እኩል መውደድ አይችልም።
የፈቀቀባት ርቀት በፀጉር ብትለካ፣
ፀጉር ተራራ ነው፤
እሷም ቤት ታናጋለች ለካ!
አንድ የነበረው ጫፍ በኔ ወረቀት ላይ
ለሁለት ይከፈላል፣
እንደ ወራሽ ወንድም ዓይን ለዓይን ሳይተያይ።

አምስት ዲግሪ ላይ ደግሞ ሌላ አቀማመጥ፣
ከዜሮ በታች ዘጠና፣ ዳግመኛ መለወጥ።
መልሰሽ ስታሞቂው በሄደበት ዲግሪ አይመለስልሽም፣
ጥቂት ያሳልፋል፤
ቂመኛ ነው ዱቄት፣ ቶሎ አይታረቅም።

ራይቪስ የመጣው ከሊየፓያ ነው፣ ከባሕሩ ዳር፣
ሹራቡ ክርኑ ላይ የተበሳ፣ ልቡ ከእግሩ ቀድሞ የሚበር።
ፈሳሽ ናይትሮጅን እየቀዳን ሦስት ሌሊት አደርን፣
እኔ ዱቄት አልሜ፣ እሱ ዝና አልሞ፣
ከስክሪኑ ፊት አንገቱን እንደ ሽመላ አቁሞ።

በሦስተኛው ሌሊት፣ ዘጠናን አልፈን ስንወርድ፣
ሃያ ሁለት ነጥብ ስምንት ላይ አንዲት ጫፍ ብቅ አለች፤
ትንሽ፣ ዓይነ አፋር፣
ሳትጠራ ድግስ እንደ መጣች ሴት ጥግ ይዛ ቆመች።
ሁለት እህቶቿም ተከተሏት፣
አንዷ ሃያ አራትን አለፍ ብላ፣ አንዷ ከሃያ ስድስት አፋፍ።
ከሠንጠረዡ የሉም።
«ቬልታ!» አለኝ፣ «ይህን ማንም አላየም!
አዲስ መዋቅር ነው!»
ከሌሊቱ በዘጠኝ ሰዓት ስልኩን አንሥቶ
የዓሣ ፋብሪካ ሠራተኛ እናቱን ቀሰቀሳት።
ሁሉንም ሰምታ ስታበቃ
«በልተሃል ወይ?» አለችው።

እኔ ዝም አልኩ። ሰው ደስ ሲለው ማቋረጥ ነውር ነው።
ሻዩን እስኪጨርስ ጠበቅኩት።
ከዚያ ክዳኑን ዙሪያውን ዳሰስኩት፤
የጎማው ቀለበት ተሰንጥቋል።
በዚያች ስንጥቅ አየር፣ ከአየሩ ጋር የኛው ትንፋሽ ገብቶ፣
ከዱቄቱ ፊት እንደ ጨው ተነስንሶ፣
አመዳይ ሆኖ ተኝቶ።

«ራይቪስ፣» አልኩት፣ «ያገኘኸው ውሃ ነው።»

አልሳቀም።
ውሃም እኮ ኦክሳይድ ነው፣ አልኩት፣
ሃይድሮጅን ነዶ የተወው አመድ፣
አመዱም ሲበርደው አመዳይ፤
ስድስት ማዕዘን ይዞ ይሰለፋል፣ ከኛ ዱቄት ባያንስ እንጂ።
መጽናኛ አልሆነውም።

ጠዋት ወጣን። ዳውጋቫ ከዳር ዳር ቀጥ ብሏል።
ሽማግሌዎች ሳጥን ላይ ተቀምጠው
በረዶውን ሰርስረው ዓሣ ይጠብቃሉ።
ከእግራቸው ሥር ወንዙ ያጓራል፣ ይሰነጠቃል፣
እነሱ ቀና አይሉም።
ራይቪስ ተንበረከከ፤ ጓንቱን አወለቀና
ከአንዱ ጉድጓድ አፍ ስባሪ በረዶ አንሥቶ
እስኪቀልጥ በመዳፉ ያዘው።
ስንት ደቂቃ እንደ ፈጀ አልለካሁም።

መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፤
የካቲት ሦስት። ጎማው ይለወጥ።
ሃያ ሁለት ነጥብ ስምንት፣ በረዶ።
ከሥሩ እሱ በእርሳስ ጨምሯል፤
«ግን ቆንጆ ነበረች።»

ደንቡ እንዲህ ያለው ይሰረዝ ይላል።
ጎማው ከሃምቡርግ እስኪመጣ ስድስት ሳምንት ነው፤
ላጲሱ የት እንደ ገባ
እኔም እስካሁን አላገኘሁትም።